በነጻ የሚነበብ ታሪክ፣ በዕጣ የሚገኝ ጀግና

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጨዋታ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የመነጋገሪያ ርእስ ሆኖ ሲቀርብ ፈገግ የሚያሰኝ መሆኑ አይካድም። ለዚህ መድረክ የሚገቡት ርእሶች ድልድይ፣ ግድብ፣ የኤሌክትሪክ መሥመርና የመሳሰሉት ናቸው፤ የልጆች መዝናኛ የሚመስል ነገር ግን ከቤት ጨዋታ አልፎ እዚህ መድረስ አልነበረበትም የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በኪስ በሚያዝ ስልክ ላይ የሚሠራውና ያለ ክፍያ የሚታደለው የታሪክ ጨዋታ ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ የያዘ ነው፤ አንደኛው የደራሲ፣ ሁለተኛው የመሐንዲስ ነው። የደራሲውን ሥራ ሁሉም ያየዋል። የመሐንዲሱ ሥራ ግን ከሥር ተቀብሮ የሚቀር በመሆኑ፣ ስንት ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅና ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ የሚወስኑት ጥቂት ቁጥሮች መሆናቸውን የሚያስተውለው ሰው ብዙ አይደለም። እነዚህን ቁጥሮች የሚያስቀምጠው ደግሞ ባለሙያ ነው።

ለምሳሌ የተመረጠው ፌት ግራንድ ኦርደር የተባለው የጃፓን ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2015 ለአንድሮይድ ስልኮች፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለአይፎን ወጣ። አሳታሚው አኒፕሌክስ ሲሆን ፕሮግራሙን በመጀመሪያ የሠራው ዲላይትወርክስ ነው። ታሪኩና ሥዕሉ ከታይፕ ሙን ቡድን የመነጨ ነው፤ ዋናው ደራሲ ኪኖኮ ናሱ፣ ዋናው ሠዓሊ ታካሺ ታኬኡቺ ይባላሉ። መሠረቱ ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ፌት ስቴይ ናይት የተባለ የኮምፒዩተር ልብ ወለድ ነው። ጨዋታው በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የሕዝቡ ብዛት ከሰርቨሮቹ አቅም በላይ ስለሆነ በየጊዜው ለጥገና ይዘጋ ነበር፤ ሥራው ከመጀመሪያው ቀን የመሐንዲስ ፈተና እንደነበረ ከዚህ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን በጃፓን ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት የስልክ ጨዋታዎች መካከል ለመቆም በቃ። የእንግሊዝኛው ቅጂ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ለአሜሪካና ለካናዳ ተጫዋቾች ቀረበ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይ ካልዲያ የሚባል የምርምር ተቋም አለ፤ ስሙ ሰማይን በመመርመር ከታወቁት ከከለዳውያን የተወሰደ ነው። ተቋሙ የሰውን ልጅ መጪ ዘመን የሚመለከትበት መሣሪያ ሠርቶ ሲከታተል ሳለ፣ ከ2016 ወዲያ ብርሃን የሚባል ነገር ይታጣል። ይኸውም የሰው ታሪክ በዚያ ዓመት መጨረሻ ይቆማል ማለት ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ባለፉት ዘመናት ውስጥ ታሪክ የተጣመመባቸው ቦታዎች ይገኛሉ። ቦታዎቹን ለማቅናት 48 ሰዎች ተመርጠው ሊላኩ ሲሉ ፍንዳታ ይደርስና 47ቱ ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። የቀረው አንዱ ከሁሉም ያነሰ፣ ልዩ ችሎታ የሌለው፣ በአጋጣሚ የመጣ ሰው ነው። ተጫዋቹ የሚይዘው የዚህን ሰው ሚና ነው።

ጉዞው በ1431 ከፈረንሳይ ይጀምርና በ60 ዓ.ም. ወደ ሮም፣ ከዚያም ወደ 1573 ባሕሮች፣ ወደ 1888 ለንደን፣ ወደ 1783 አሜሪካ፣ ወደ 1273 ኢየሩሳሌም ይዘልቅና በመጨረሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2655 ዓመት ወደ ነበረችው ኡሩክ ይደርሳል። በየቦታው ከታሪክና ከአፈ ታሪክ የተጠሩ የጥንት ጀግኖች ከተጫዋቹ ጎን ይሰለፋሉ ወይም ይገጥሙታል።

ስለ ጽሑፉ ጥራት እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የችኮላ ሥራ ናቸው፤ ጀግናው ይመጣል፣ ይፎክራል፣ ይዋጋል፣ ይሄዳል። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ቢሰለች የሚያስደንቅ አይሆንም። ናሱ ራሱ ብዕሩን ያነሣባቸው የኢየሩሳሌምና የኡሩክ ምዕራፎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጡ ግን ነገሩ ፈጽሞ ተለወጠ። በተለይ የኡሩክ ምዕራፍ ሊዘገይበት የሚገባ ነው። ኡሩክ በኦሪት ዘፍጥረት ኦሬክ ተብላ የተጠቀሰችው ከተማ ናት። ንጉሥዋ ጊልጋሜሽ ከተማይቱ እንደምትጠፋ አስቀድሞ አይቷል፤ ሕዝቡም ያውቃል። ያም ሆኖ ግን ጋጋሪው ይጋግራል፣ ግንበኛው ቅጥሩን ይጠግናል፣ ጸሓፊው የጭቃ ጽላቱን ይሞላል። ዓለምን ሊያድን የመጣው ተጫዋች ከንጉሡ ፊት ሲቀርብ ሠራዊት አይሰጠውም፤ እንደ በግ ሸለታ ያሉ ጥቃቅን ሥራዎች ይታዘዛል። ንጉሡም ቢሆን ከጦር ሜዳ ይልቅ የሚታየው በሰነድ ክምር መካከል ተቀምጦ ስንቅና ድንጋይ ሲያከፋፍል ነው፤ ይባስ ብሎም በሥራ ብዛት ይሞትና ከሙታን አገር ሄደው ይመልሱታል። ከጥንት ነገሥታት ሁሉ ለዚህ ማኅበር አባልነት የሚቀርበው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍል መደምደሚያ ስሙ ሰሎሞን ነው። የሰውን ታሪክ ያቃጠለው ጠላት በንጉሥ ሰሎሞን አካል ተሰውሮ የሚገለጥ ሲሆን፣ እርሱም ንጉሡ ያዛቸው የነበሩ የ72 አጋንንት ድምር፣ ጎኤትያ የሚባል ነው። በጥበብ ዓይን የሰውን ሰቆቃና ሞት ሁሉ ሲመለከት ኖሮ፣ ሞት ያለበት ፍጥረት ከመነሻው የተበላሸ ዲዛይን ነው ብሎ ይፈርዳል። በመሆኑም 3,000 ዓመት ያህል የሰው ልጅ ታሪክን እንደ ነዳጅ አንድዶ፣ በሚያገኘው ኃይል ወደ ምድር አጀማመር ተመልሶ ሞት የሌለበት ዓለም ሊሠራ ያቅዳል። እውነተኛው ሰሎሞን ግን ጥበቡንና ሥልጣኑን ትቶ እንደ ማንኛውም ሰው ለመኖር የተመኘ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ከተጫዋቹ ጋር በሬድዮ ሲነጋገር የኖረው ሮማኒ አርካማን የተባለው ሐኪም ሆኖ ይገኛል። ንግሥተ ሳባም በጨዋታው ውስጥ ትገኛለች፤ ነገር ግን በክብረ ነገሥት ያደገ ሰው የሚያውቃት ማክዳ አይደለችም። የጅን ደም ያለባት፣ የአውሬ ጆሮ ያበቀለች፣ ገንዘብ ወዳድ ነጋዴ ተደርጋ ተሥላለች። ይህን አይቶ የሚቆጣ ሰው ቢኖር፣ በእኛው አገር በሰሜን የሚነገረው ተረት እግርዋን የአህያ ሰኮና እንዳደረገው ማስታወስ ይገባዋል። ንግሥቲቱ በየደረሰችበት አገር ሌላ መልክ ስትለብስ የኖረች ናት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታሪክ ያለ አንዳች ክፍያ ይነበባል። በዚህ በኩል ነጻ የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም። በውጊያ ጊዜ ለተጫዋቹ አምስት ካርድ ይታደለውና ሦስቱን መርጦ ያሰልፋል፤ ከጀግኖቹም መካከል አንዱን ከሌላ ተጫዋች ተውሶ ይዞ ይገባል። ይህ ትውስት የጨዋታው ትልቁ ደግነት ነው። አበዳሪው የሚጎድልበት የለም፤ ጀግናው በአንድ ጊዜ በብዙ ሰዎች ውጊያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ለማበደሩም ትንሽ ምስጋና በነጥብ መልክ ያገኛል። የእኛ ገበሬ ወንፈል የሚለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ በሬው በአንድ ቀን በሺህ ማሳ ላይ መዋሉ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ ደካማ ጀግኖች ብቻ ያሉት ሰው ትዕግሥት ካለው መጨረሻው ድረስ መድረስ ይችላል።

ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ ጊዜና ተስፋ።

ጊዜው እንዲህ ይሸጣል። እያንዳንዱ ውጊያ የተወሰነ የጉልበት ነጥብ ይጠይቃል፤ ነጥቡም በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ እየተተካ ይሄዳል። አቅሙ 140 ነጥብ የሆነ ተጫዋች ባዶ ከሆነ በኋላ ለመሙላት 700 ደቂቃ፣ ማለት 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ጨዋታው ቅዱስ ኳርትዝ በሚለው ዕንቁ ወዲያው ሊሞላው ይችላል፤ ዕንቁው በጨዋታው ውስጥ በጥቂቱ ይታደላል፣ በገንዘብም ይገዛል። ይህ ሥርዓት ከውኃ ማጠራቀሚያ ጋር አንድ ነው፤ የሚገባው መጠን ቋሚ ነው፣ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ከፈሰሰ ይባክናል። ስለሆነም ተጫዋቹ እንዳይባክንበት ሲል ቀኑን በጨዋታው ሰዓት ይከፍላል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ያፈስሳል፣ ጧት በባቡር ውስጥ ያፈስሳል። አዲስ ምዕራፍ ባልወጣበት ወር እንኳ ስልኩን የሚያነሣው ታሪክ ሊያነብ ሳይሆን ማጠራቀሚያውን ሊያጎድል ነው። አምስት ደቂቃ የሚለው ቁጥር ከደራሲ ብዕር አልወጣም።

ከዚህ የከፋው ተስፋው ነው። አዳዲስ ጀግኖች በሱቅ ዋጋ ተለጥፎባቸው አይሸጡም፤ በዕጣ ይወጣሉ። ጃፓኖች ይህን ጋቻ ይሉታል፤ ስሙ ሳንቲም ተከትቶበት እጀታው ሲዞር የአሻንጉሊት እንክብል ከሚጥለው ማሽን ድምፅ የተወሰደ ነው። አንድ ዕጣ ሦስት ዕንቁ ያስወጣል፤ ባለ አምስት ኮከብ ጀግና የመውጣት ዕድሉም ከመቶ አንድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከመቶ አንድ ማለት መቶ ጊዜ ቢሞከር አንዱ የግድ ይወጣል ማለት ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ ዕጣ ያለፈውን አያስታውስምና፣ መቶ ጊዜ ሞክሮ ባዶ እጅ የመቅረት ዕድል 0.99ን በራሱ መቶ ጊዜ በማብዛት ይገኛል፤ ውጤቱም 0.366 ገደማ ነው። አንድ ሺህ ሰዎች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ዕጣ ቢያወጡ 366 ያህሉ ምንም አያገኙም። ሦስት መቶ ዕጣ ቢያወጡም 49 ያህሉ አሁንም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ይህ እንግዲህ ማንኛውንም ባለ አምስት ኮከብ ጀግና በሚመለከት ነው፤ አንድን የተወደደ ጀግና ለይቶ ለማግኘት ዕድሉ ከዚያም ያንሳል። አማካይ ቁጥር የሚያጽናናው አስተዳዳሪውን ነው፤ ከመሥመሩ ጫፍ ላይ የወደቀው ሰው ግን አማካይ አይበላም።

እዚህ ጋር ነው ደራሲውና መሐንዲሱ የሚገናኙት። ታሪኩ አንድን ጀግና በእንባ ያሰናብታል፤ በዚያው ሳምንት የዚያ ጀግና ዕጣ ይከፈታል። አንባቢው የሚገዛው የውጊያ መሣሪያ አይደለም፤ ለውጊያማ የተዋሰው ይበቃዋል። የሚገዛው ከወደደው ሰው ጋር የመቆየት ተስፋ ነው። ጽሑፉ ባማረ መጠን ዕጣው ይሸጣል። የኡሩክ ምዕራፍ መልካም ሥነ ጽሑፍ መሆኑና ጥሩ የንግድ ማስታወቂያ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

የጃፓን መንግሥት ይህን ነገር ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። በርካታ የዕጣ ዕቃዎችን አሟልቶ ለሰበሰበ ሰው ሌላ ታላቅ ሽልማት የሚሰጠውን ሥርዓት የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጾ፣ ከጁላይ 2012 ጀምሮ አግዷል። ተራውን ዕጣ ግን አልከለከለም። በ2016 መግቢያ ላይ በሌላ የጃፓን ጨዋታ፣ ግራንብሉ ፋንታሲ በሚባለው፣ አንዲትን ገጸ ባሕርይ ለማግኘት አንድ ተጫዋች ሕዝብ እያየው 2,276 ዕጣ አወጣ፤ አንዱ ዕጣ 300 የን ስለሆነ ድምሩ 682,800 የን ነበር። ጩኸቱ ከተነሣ በኋላ ኩባንያው ጣሪያ አበጀ፤ 300 ዕጣ፣ ማለት 90,000 የን ድረስ የሄደ ሰው የፈለገውን መርጦ እንዲወስድ አደረገ። የቻይና መንግሥት ከሜይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ኩባንያዎች የዕድሉን ስሌት በግልጽ እንዲያወጡ አዘዘ፤ አፕል በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተመሳሳይ ደንብ ለመተግበሪያ ገበያው አወጣ። የቤልጅግ የቁማር ተቆጣጣሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በገንዘብ የሚገዛ የጨዋታ ዕጣ ቁማር ነው ሲል ወሰነ።

ፌት ግራንድ ኦርደር ራሱ ጣሪያ ያበጀው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ የጀግና ዕጣ 330 ጊዜ ሞክሮ ያጣ ሰው ጀግናው በቁርጥ ይሰጠዋል። አስር ሲገዛ አንድ በምርቃት ስለሚታከል 330 ዕጣ 900 ዕንቁ ማለት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ግን ጣሪያ ነው። ጨዋታው ከወጣ ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ሲቆይ ያለ ጣሪያ መኖሩ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህን ለመጨመር አዲስ ግኝት አላስፈለገም፤ አንድ ቆጣሪና አንድ የንጽጽር ትእዛዝ ይበቃ ነበር። ለድልድይ የክብደት ገደብ የሚጽፍ ባለሙያ ገደቡን የሚወስነው አማካዩን መኪና አይቶ አይደለም፤ በጣም የከበደው ሲያልፍ የሚሆነውን አይቶ ነው። የዕጣ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ፕሮግራመርም በፊቱ ያለው ሰነድ ከዚህ የተለየ ዓይነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፊርማ የማይጠየቅበት መሆኑ ብቻ ይለየዋል።

ነጻ የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም ይጎድለዋል። አንባቢው መጽሐፉን አይዝም። ታሪኩ የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ታሪኩም ይዘጋል። ድራጋሊያ ሎስት የተባለው የኒንቴንዶና የሳይጌምስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ወጥቶ በኖቬምበር 30 ቀን 2022 አገልግሎቱ ሲያቆም፣ ገንዘብ ያወጣበትም ያላወጣበትም ተጫዋች እኩል ሆነው ቀሩ።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ቁጥርና ታሪክ ተገናኝተው ያስገኙትን አንድ መልካም ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሰሎሞን ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 መገባደጃ ላይ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የሰው ልጅ ሊጠፋበት የነበረውም በዚያው ወር ማብቂያ ነበር። የልብ ወለዱ ቀን መቁጠሪያና የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ አንድ ሆኑ። የጎኤትያ የአጋንንት ዐምዶች በአንድ ሰው ውጊያ እንዳይወድቁ ተደርገው ተሠርተው ነበር። ለሁሉም ተጫዋቾች የጋራ ቆጣሪ ተበጀላቸውና፣ በመላው ጃፓን የሚደረገው እያንዳንዱ ድል ከዚያ ቆጣሪ ላይ አንድ አንድ ይቀንስ ነበር። በየዐምዱም ፊት ተጫዋቹ ባለፉት ምዕራፎች ያገኛቸው ጀግኖች ሳይጠሩ እየደረሱ ያግዙታል።

ደራሲው የታሰበው የሰው ልጅ በአንድነት ተነሥቶ ዕጣ ፈንታውን ሲታገል ለማሳየት ነበር። የሆነው ግን ትንሽ ለየት ያለ ነው። ባርባቶስ የሚባለው ዐምድ ሲመታ የሚጥለው ዕቃ በጣም ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡም ዓለምን ማዳኑን ረስቶ ዕቃውን ለመልቀም ሌሊቱን ሙሉ ባርባቶስን ሲወቃ አደረ፤ አንድ ቀን ሳይሞላ የጋራ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ወደቀ። ጧት የነቃው ሰው ዐምዱ እንደ ጠፋ ሲያይ፣ ሰው ዳነ ብሎ ከመደሰት ይልቅ ድርሻዬ ቀረ ብሎ አዘነ። ሞት ያለበትን ፍጥረት የናቀው ጎኤትያ ስለ ሰው ስግብግብነት ምንም ስሌት እንዳልያዘ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጥቂት ነው። ሐኪሙ እውነተኛ ስሙን ይናገርና አስሩን ቀለበቶች መልሶ ይጠፋል። በጋሻዋ ተጫዋቹን ስትከልል የኖረችው፣ በቤተ ሙከራ ተወልዳ ዕድሜዋ በአጭሩ የተለካባት ማሽ ኪሪየላይት ትሞታለች፤ ዳግመኛም በሕይወት ትመለሳለች። ተራራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ በበረዶ ማዕበል የተሸፈነ ስለነበረ ሰማይን አይታ አታውቅም። በዓመቱ መጨረሻ በሩ ተከፍቶ ሁለቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ማዕበሉ ቆሟል፤ ሰማዩም ሰማያዊ ነው። ለዚህ ትዕይንት የጉልበት ነጥብ አይጠየቅም፤ ዕጣም አይወጣም።